በየካ ተዳፋት ላይ የጎደለው አራት ሜትር

ከደሴ ስነሣ ልቤ ውስጥ ኩራት ነበረች፤ አልደብቅም። በከተማችን የመሬት መለኪያ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ቃላድ ጥያለሁ። ቃላዱ ጠፍር ነው፤ መሬት ላይ እየዘረጋን ማሳ የምንለካበት። ከጊዜ ብዛት ገመዱ ከመዘርጋቱ በፊት የማሳውን ልክ በዓይኔ እገምት ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም እቀርባለሁ። አለቃዬ ይህን ስለሚያውቅ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየካ ተራራ ጎን አዲስ መንገድ እየተቀየሰ ነው ሲባል የሰማ ዕለት ጠራኝ። «ሂድና በመነጽር እንዴት እንደሚለኩ እይ። መቻልህን የሚመሰክር ወረቀት ይዘህ ከመጣህ የክፍሉን ኃላፊነት ለአንተ እሰጣለሁ» አለኝ።

ከተመለስኩ ወዲህ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ ስለ ፎቁ፣ ስለ መብራቱና ስለ መኪናው ብዛት ነው። አብዛኞቻቸው አዲስ አበባን አላዩም፤ ምናልባትም አያዩም። የምነግራቸው ብዙ ነገር የለኝም። እኔ ያየሁት አንድ ተዳፋት ነው። እሱን ግን ደህና አድርጌ አይቼዋለሁና እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሣ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ለአዲስ አበባ ዘመዶቹ በእንስራ ማር ይዞ ነበር። ኮምቦልቻን አልፈን ወደ ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ ማሩን አቀለጠው፤ ካራቆሬ አጠገብ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ የእንስራው ክዳን ተነቀለና ማሩ ግራ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ሰውዬው በጣም አፈረ። ማሩ ከመፍሰሱ ይልቅ የእኔ ጫማ መበላሸቱ እንዳሳዘነው ደጋግሞ ሲነግረኝ መልሶ ማጽናናቱ የእኔ ሥራ ሆነ።

ያን ዕለት ደብረ ሲና አደርን። የማደሪያው ባለቤት አሮጊት ናቸው፤ ጫማዬን ሲያዩ ምንም ሳይጠይቁኝ ወሰዱት። በፈላ ውኃ አጥበው ምድጃ አጠገብ አስቀመጡልኝ። ጠዋት ስቀበል ማሩ ለቋል፤ ጫማው ግን በሙቀቱ ተኮማትሮ የልጅ ጫማ አክሏል። «ደረቀልህ አይደል?» አሉኝ በደስታ። አመሰገንኩና እግሬን እንደምንም ከትቼ ወጣሁ። እያነከስኩ አውቶቡስ ስገባ የማሩ ባለቤት ዓይኑን ወደ መስኮት መለሰ።

ሐሙስ

ጣርማ በርን በዋሻው ውስጥ አለፍን። እንደ እኔ ከደሴ በላይ ባለው በጦሳ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ተራራ የሚዞሩት ነገር እንጂ የሚበሱት አይደለም። ከዚያ ወዲያ ደጋው ሜዳ ነው፤ ነፋሱ ያፏጫል። ሰንዳፋንና ኮተቤን አልፈን፣ በተሰጠኝ ምልክት መሠረት ሾላ ገበያ ላይ ወረድኩ።

ደሴ በተራሮች እቅፍ ውስጥ ነው ያለችው፤ የትም ብትዞር ተራራ ፊት ለፊትህ ነው። አዲስ አበባ ግን ተራራዋን በሰሜን በኩል እንደ ቤት ጀርባ ግድግዳ አቁማ ፊቷን ወደ ሜዳው መልሳለች። ይህን እያየሁ ቆሜ ሳለ የግንቦት ዝናብ መጣ። ቀያሾቹ ወዴት ናቸው ብዬ ስጠይቅ አንዱ በርበሬ ሻጭ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ እህል ሰፋሪ ወደ ምዕራብ ላከኝ። ሁለቱንም ሄጄ፣ ሁለቱንም ተመልሼ፣ ሣጥኔን ጭንቅላቴ ላይ እንደያዝኩ ከአንድ የእንጨት ክምር አጠገብ ቆምኩ።

የእንጨቱ ባለቤት አምሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው፤ አቶ ቶሎሳ ይባላሉ። ከየካ ተራራ የባሕር ዛፍ በአህያ እያወረዱ ሾላ ይሸጣሉ።

«ቀያሾቹን ነው የምትፈልገው?» አሉኝ። «ድንኳናቸው ከቤቴ በታች ነው። ና፣ አህያዋን ተከተል።»

ስንደርስ ድንኳኑ ሞልቶ አገኘነው፤ በዚያ ላይ በአንድ ጎኑ ያፈሳል። አቶ ቶሎሳ ወደ ውስጥ አየት አደረጉና ሣጥኔን ከእጄ ተቀበሉ። «እዚህማ አታድርም» አሉ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቤታቸው ካቻምና የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ገና ያብረቀርቃል። ከበላዩ ባሕር ዛፋቸው ዳገቱን ተከትሎ ይወጣል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አየለች ጩኮ አቀረቡልኝ። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፤ የኛን በሶ ይመስላል፤ የኛ ግን ውኃ ያየ ነው፣ የእሳቸው ቅቤ ብቻ። እያነከስኩ መግባቴን አይተው ነበርና የባላቸውን አሮጌ ቦት ጫማ አመጡልኝ። ሁለት ቁጥር ይበልጠኛል። ከሚጠበው ግን ይሻላል።

ዓርብ

የቀያሾቹ አለቃ አቶ ጌታሁን ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ትሑት ሰው ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ መጥቷል። ባለ ሦስት እግር መቆሚያውን ተክሎ መነጽሩን ሰጠኝ። ከሸለቆው ማዶ የቆመው ሠራተኛ የያዘው ባለ ቁጥር እንጨት ዓይኔ ሥር መጣ፤ የሰውዬውን የጣት ጥፍር ሳይቀር አየሁ። አንድ ቁጥር ለማንበብ ግን ትንፋሼን እስክይዝ ድረስ ተቸገርኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። መንገዱ በተራራው ወገብ ላይ ይዞራል። አንዱ ቡድን ከኮተቤ በኩል፣ የእኛ ከታች ከነባሩ መንገድ ተነሥቶ ችካል እየተከለ ይመጣል። በየችካሉ ሥር ኖራ የተቀባ ድንጋይ ይቀመጣል። ሁለቱ መስመሮች በሚቀጥለው ሳምንት መገናኘት አለባቸው።

አቶ ጌታሁን ቀኑን ሙሉ በትዕግሥት አስተማረኝ። ማታ ላይ የብረት ሜትሩን አንሥቶ ፈገግ አለ። «ይህንንስ ለእርስዎ አላስተምርም። አሥራ አንድ ዓመት ለክተዋል።»

ደስ አለኝ። ጠይቄው ቢሆን ኖሮ በሁለት ደቂቃ ይነግረኝ ነበር።

ቅዳሜ

ከቀያሾቹ አንዱ ታመመ። አቶ ጌታሁን ደግሞ ጠዋቱን ቢሮ ተጠርቶ ነበርና ሥራውን ለእኔ ተወልኝ። «ከነባሩ መንገድ ዳር ካለው የሲሚንቶ ምልክት ተነሥተው፣ በመነጽር ባመለከትኩት አቅጣጫ መቶ ሃያ ሜትር ወደ ላይ ይለኩ። መንገዱ የሚታጠፈው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ስመጣ እኔ እተክላለሁ።»

በዳኔ የሚባለው ሠራተኛ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ዳገቱን ወጣ። ሜትሩን እንደ ቃላድ ሣሩ ላይ አስተኛሁት፤ እንዳይላላ ሳብ አደረግሁት። ሠላሳ ሜትር፣ አራት ጊዜ። ችካሉን ራሴ መታሁ። በዳኔ አንድ ጊዜ ወደኋላ ዞሮ አይቶኝ ነበር፤ የሚናገር መስሎኝ ጠበቅሁት፤ ዝም አለ። አንጋፋ መሬት ለኪ ከደሴ መጣ ተብሎ ስለተነገረው ነው ዝም ያለው፤ ይህን በኋላ ነገረኝ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ጌታሁን መጥቶ ከእኔ ችካል ተነሥቶ ቀጠለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው የአቶ ቶሎሳን አጥር ተሻገረ። አምስተኛው በዋናው ቤትና በማድ ቤቱ መካከል አረፈ። አቶ ጌታሁን ካርታውን ዘርግቶ ብዙ አየው። ካርታው የተነሣው ቤቱ ሳይሠራ ስለሆነ በዚያ ቦታ ላይ ባዶ ነው።

«አዝናለሁ አባቴ» አለ። «ካሳ ይጻፍልዎታል። ግን ቤቱ መነሣቱ ነው።»

አቶ ቶሎሳ ችካሉን አዩት፣ ቆርቆሯቸውን አዩት። «ክረምቱ ደርሷል እኮ» አሉ።

ማታ ወጥ ቀርቦ ሁላችንም በላን። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ለእንግዳ ብለው ዶሮ አርደው ነበር፤ ጠዋት ነው ያረዱት፣ ችካሉ ሳይመጣ በፊት። ባልና ሚስት ዝግ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ ሲነጋገሩ ቆዩ። ቋንቋውን አላውቅም፤ ግን በመካከሉ «ክረምት» የምትለውን የአማርኛ ቃል ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ወይዘሮ አየለች የዶሮውን ደረት ለእኔ አወጡልኝ። ብድግ ብዬ ወደ ድንኳኑ ልሂድ አሰብኩ፤ መሄዱ ደግሞ ከመቆየት የባሰ ነውር መሰለኝ።

እሑድ

አቶ ቶሎሳ ራጉኤል ሊሳለሙ እንደሚሄዱ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ከትናንቱ ችካል በኋላ የሚተውት መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን በማለዳ ቀሰቀሱኝ። በትልቁ ቦት ጫማ እየተንሸራተትኩ በባሕር ዛፉ መካከል ጫፍ ጫፉን ወደ እንጦጦ ሄድን። የኛ ተራራ ላይ ጥድና አስታ አለ፤ እዚህ ግን ከግርጌ እስከ ጫፍ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሽታው ጉንፋን ይገፋል። እንጦጦ ራጉኤል ስንደርስ ቅዳሴው ሊያልቅ ነበር። አቶ ቶሎሳ ግንባራቸውን ደጁ ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ።

ስንመለስ ከቤታቸው በላይ ካለ ቋጥኝ ላይ አረፍን። ወጋቸውን የጀመሩት እዚያ ነው።

«በጣሊያን ጊዜ መንገድ ሠርቻለሁ» አሉኝ። «ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ። ጎረምሳ ነኝ። በውዴታዬ አልነበረም። ያ መንገድ ማንን ከቤቱ እንዳስነሣ ጠይቄ አላውቅም፤ የሚጠየቅም አልነበረም። ይኸኛው እንኳ የራሳችን ነው፤ ቀያሹ ልጅም አባቴ ብሎ ነው የነገረኝ።»

ዓይኔን ከእሳቸው ላይ ለማንሣት ብዬ ቁልቁል አየሁ፤ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የኮተቤው ቡድን ነጭ ድንጋዮች በተራራው ወገብ ላይ ተሰልፈው ይመጣሉ። የእኛም ከወዲህ ይሄዳሉ። መካከላቸው ገና ባዶ ነው፤ ግን ሁለቱን በዓይን ብትቀጥላቸው አይገናኙም። የእኛ ጥቂት እርምጃ ወደ ታች ወርዷል። ከታች ሆኖ የሚሠራ ሰው አያየውም፤ ከላይ ግን እንደ ተዛነፈ ስፌት ነው።

ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል። የኮተቤው ቡድን ከሆነ ለእኔ ደስታ ነው። ግን የበዳኔ ዞሮ ማየት ትዝ አለኝ። ለአቶ ቶሎሳ አልተናገርኩም። ልክ ሳልሆን ተስፋ ብሰጣቸውስ?

ከምሳ በኋላ ከወይዘሮ አየለች ፈትል ለመንኩና ከቤቱ ጓሮ ዳገቱ ላይ ወጣሁ። ፈትሉን መሬቱን አስይዤ ከአንድ ድንጋይ እስከ ሌላው ለካሁ። ቀጥሎ ያንኑ ልክ ከላይኛው ድንጋይ አግድም ወጥሬ፣ ከጫፉ ላይ በሌላ ቁራጭ ፈትል ጠጠር ወደ ታች አወረድኩ። ያው ፈትል፣ ያው ዳገት፤ ግን ጠጠሩ የታችኛውን ድንጋይ አልፎ አረፈ። እንደገና ሞከርኩ። እንደገና አለፈ። ካርታ የሚለካው አግድም ነው፤ እኔ የለካሁት የተራራውን ቆዳ ነው፤ ስለዚህ ችካሌ ሊደርስበት ከሚገባው በታች ቀርቷል።

ወይዘሮ አየለች በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። «ምንድን ነው የምትለካው?» አሉኝ።

«ገና አላወቅሁም» አልኳቸው። ዋሸሁ።

ሰኞ

ለአቶ ጌታሁን ላለመናገር ብዙ ምክንያት ነበረኝ፤ ሁሉንም አሰላሰልኳቸው። ስሕተቱን ሌላ ሰው ያገኘዋል። ወይም ማንም አያገኘውም፤ ሁለቱን መስመሮች ትንሽ አጥፈው ያገናኙዋቸዋል። ወረቀቴን ይዤ እሄዳለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው፤ ብናገር ማን ያምነኛል? ዶሯቸውን የበላሁ፣ ጫማቸውን የተጫማሁ ሰው ነኝ።

«አቶ ጌታሁን» አልኩት፣ «የቅዳሜው ልኬ የተሳሳተ ይመስለኛል። ሜትሩን ዳገቱ ላይ አስተኝቼ ነው የለካሁት።»

የያዘውን እርሳስ አስቀመጠ። «የሚያድሩት አቶ ቶሎሳ ቤት ነው አይደል?»

«አዎን።»

«ችካሉ ያረፈው ግቢያቸው ውስጥ ነው።»

«አዎን።»

«ሰው የሚለውን ያውቁታል።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ እርስዎ ይለኩት። እኔ ከዚህ አልነሣም» ብዬ ከሲሚንቶው ምልክት አጠገብ ተቀመጥኩ።

ከበዳኔ ጋር ወጡ። ሜትሩን አግድም ወጥረው፣ በቱንቢ ነጥቡን ወደ መሬት እያወረዱ፣ ቁርጥ ቁርጥ አድርገው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያሉ ለኩ። ደርሰው ሲቆሙ በዳኔ ከእኔ ችካል በላይ ቆሞ ነበር። አቶ ጌታሁን ተመልሶ «አራት ሜትር ከጥቂት» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም እንጂ። «ጥፋቱ የእኔም ነው። ሳላይ ነው የቀጠልኩበት።» መዝገቡን አውጥቶ ሰጠኝ፤ የቅዳሜውን ልክ ራሴ ሰርዤ፣ ለምን እንደተሰረዘ ጽፌ ፈረምኩ። እስክፈርም ፊቱን አዞረልኝ።

እስከ ማታ ችካሎቹን ሁሉ ነቅለን ወደ ላይ አወጣናቸው። የመስመራችን አቅጣጫ ከኮተቤው ጋር ገጠመ። መንገዱም ከአቶ ቶሎሳ ቤት ጀርባ አለፈ፤ ያለፈው ግን በባሕር ዛፋቸው መካከል ነው። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከዛፎቹ ግማሽ ያህሉ መቆረጥ አለበት፤ የሚኖሩት ደግሞ በዚያ እንጨት ነው።

አቶ ቶሎሳ ነገሩን ሰምተው በዛፎቹ መካከል ወጡና ግንዱን በእጃቸው እየነኩ ዞሩ። ቤታቸውን ያዳንኩላቸው መስሎኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ እንጀራቸውን የቀማሁ መሰለኝ። ሲመለሱ ወይዘሮ አየለች በር ላይ ጠበቋቸው።

«ምን ይሻላል?» አሏቸው።

«ምን ይሻላል ትያለሽ? ለሁለት ዓመት የምሸጠው እንጨት ነው።»

«ክረምቱን ሜዳ ላይ ከምናድር እንጨት ከሰው ብንገዛ ይሻላል» አሉ ወይዘሮ አየለች፤ እንጨት ሻጩ ባላቸው እንጨት ሲገዙ ታዩአቸው መሰለኝ፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አቶ ቶሎሳ ለመቆጣት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ማክሰኞ

መንግሥት ቆራጭ ከሚልክ ራሴ ልቁረጠው አሉ አቶ ቶሎሳ። ግንዱ እንዳይሰነጠቅ የሚያውቅ እጅ ያስፈልገዋል፤ ደህና አድርጎ የተቆረጠ ደግሞ ሾላ ላይ ዋጋ ያወጣል። አቶ ጌታሁን ለግማሽ ቀን እንዳግዛቸው ፈቀደልኝ። እኔ መጥረቢያ ደኅና አልይዝም፤ ስለዚህ ገመዱን ይዤ ዛፉ በሚወድቅበት በኩል እስብ ነበር። በአንደኛው ላይ ትልቁ ቦት ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ እኔ በካልሲ ቀጠልኩ፤ ወይዘሮ አየለች በእንጨት ቆፍረው አወጡልኝ።

እያረፍን ሳለ አቶ ቶሎሳ ላባቸውን ጠርገው «እሑድ ከቋጥኙ ላይ አይተኸው ነበር አይደል?» አሉኝ።

«አይቼ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ተሳስቼ እንደሆነስ ብዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤቱ የሌላ ሰው ቢሆንስ?» አሉ።

ጥያቄው ያለ ተንኮል ነበር፤ ለማወቅ ነው የጠየቁኝ። እናገር ነበር ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ፈትሉን የለመንኩት ችካሉ ቤታቸው ላይ ስላረፈ እንደሆነ አውቃለሁ። ከባዕድ ግቢ ቢያርፍ ኖሮ ከቋጥኙ ላይ ያየሁትን በዓይኔ ድካም አሳብቤ እተወው ነበር ይሆናል።

«እንጃ» አልኳቸው።

«እንጃ ማለትህ ደግ ነው» አሉና መጥረቢያቸውን አነሡ።

ረቡዕ

አቶ ጌታሁን ስሰናበተው ወረቀቱን አልሰጠኝም። «ሳምንት በማይሞላ ጊዜ የሚጠናቀቅ ትምህርት አይደለም፤ ችሏል ብዬ ብፈርም እዋሻለሁ። ሌላ ጊዜ ሁለት ወር ይዘው ይምጡ» አለኝ። አልተቀየምኩትም። አንድ ትርፍ ቱንቢ ግን ከሣጥኑ አውጥቶ ሰጠኝ። አቶ ቶሎሳ እስከ ሾላ ሸኙኝ፤ ቦት ጫማውን ልመልስ ብል እምቢ አሉ። ወይዘሮ አየለች ጩኮ በቅጠል ጠቅልለው ሰጥተውኛል፤ ደብረ ሲና ሳልደርስ ጨረስኩት።

ደሴ ስገባ አለቃዬ ባዶ እጄን ሲያየኝ ከፋው። የሆነውን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። «ይህን ባትነግረኝ ይሻል ነበር» አለ። ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ሰውዬው ደህና ሰው ነው፤ አብረን እንሠራለን።

እኔን የከበደኝ ሹመቱ አልነበረም። በጦሳ ሥር ያሉትን ተዳፋት ማሳዎች አብዛኞቹን የለካኋቸው እኔ ነኝ፤ ሁሉንም ቃላዱን ሣሩ ላይ አስተኝቼ። እንዲያ የተለካ ዳገት ከካርታው ልክ በልጦ ይመዘገባል፤ ገበሬውም ለሌለው መሬት ይገብራል። ስንቱን እንደለካሁ አላውቀውም። ለአዲሱ ኃላፊ ነገርኩት። «መዝገቡን ማን ይነካዋል? በራስህ ጊዜ የምትለካ ከሆነ ግን አልከለክልህም» አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከዳገቱ ላይ ወደሚያርሱት ወደ አቶ እብሬ ወጣሁ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ገመድና ቱንቢ ይዤ ሲያዩኝ ከሞፈሩ ቀና አሉ።

«ምነው፣ ሌላ ግብር መጣ?»

«አልመጣም አባቴ። የዛሬ ስድስት ዓመት ስለካልዎት ሳልሳሳት አልቀረሁም። ደግሜ ልለካ ነው።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

የምታመን እንደሆንኩ ሊለዩ ይመስላል ፊቴን አዩ። ከዚያ በሬዎቹን አቁመው ወደ ማሳው ግርጌ ወረዱና የገመዱን ጫፍ ተቀበሉኝ። እንደ ለመዱት ጎንበስ ብለው አፈሩ ላይ ሊያስይዙት ሲሉ ከላይ ጠራኋቸው።

«እንዲያ አይደለም አባቴ» አልኳቸው። «ከፍ አድርገው ይያዙት።»